ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 ካሻሻልሁ በኋላ ኮምፒውተሬ «ከርነል ፓኒክ» እያለ አልነሳ አለ

አዋሽ_ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኡቡንቱ የተጫነው በ18.04 ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ፎርማት ሳላደርገው ወደ 20.04፣ ቀጥሎም ወደ 22.04 እያሻሻልሁ ተጠቅሜበታለሁ። አሁን ወደ 24.04 ለመሻገር «ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ» የተባለውን ትዕዛዝ አስኬድሁ። ማውረዱ ያለ ችግር አለቀ፤ መጫኑም ረጅም ጊዜ ወስዶ ወደ ማብቂያው ሲደርስ አንዳንድ ፓኬጆች ተዋቅረው እንዳልጨረሱ የሚገልጽ መልእክት ታየና ኮምፒውተሩን ሪስታርት እንዳደርግ ተጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የአምራቹ አርማ ታይቶ እንደጠፋ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ብዙ መስመር ይወርድና በዚህ ይቆማል፦

«ከርነል ፓኒክ - ኖት ሲንኪንግ፦ ቪኤፍኤስ፦ አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን-ብሎክ(0,0)»

ኮምፒውተሩ ሁለት ዲስክ አለው። ሲስተሙ ያለበት ኤስኤስዲ በሉክስ የተመሰጠረ ነው፤ ሰነዶቼና የምርምር ጽሑፌ ያሉበት ሌላው ዲስክ ግን አልተመሰጠረም። ቀድሞ ገና ሲነሳ የይለፍ ቃል ይጠይቀኝ ነበር፤ አሁን ያ ጥያቄ እንኳ አይመጣም። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ እጅግ ሰግቻለሁ። ምን ላድርግ?

ጣና_ዳር፦

ያሳዝናል፣ ወንድሜ። ሦስት ጊዜ በላዩ ላይ የተሻሻለ ሲስተም ብዙ ቅሪት ስለሚያጠራቅም፣ አንዱን ችግር ሲፈቱት ሌላ ብቅ ማለቱ አይቀርም። የእኔ ምክር በላይቭ ፍላሽ (ኡቡንቱን ሳይጫን ከራሱ በሚያስነሳ ፍላሽ) ገብተው ሰነዶችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ካወጡ በኋላ 24.04ን እንደ አዲስ መጫን ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅ ይሆናል፤ ነገር ግን ንጹሕ ሲስተም ይኖርዎታል።

ራስ_ዳሽን፦

መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝ በሚለው ከጣና_ዳር ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንደ አዲስ መጫኑን ግን ለአሁኑ አልደግፍም። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚደረግ ጭነት የተመሰጠረ ዲስክ ላይ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ብቻ ሁሉንም እንዲያጠፋ በር ይከፍታል፤ ያዩት መልእክት ደግሞ ምክንያቱን በግልጽ ከሚናገሩት መልእክቶች አንዱ ነው።

በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሁለት ዜሮዎች የዲስኩ መለያ ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱም ዜሮ መሆናቸው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሩት ፋይል ሲስተሙ (ሲስተሙ ራሱ የተጫነበት ክፍል) ያለበትን ዲስክ ጨርሶ እንዳላገኘው ያመለክታል። ዲስኩ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ የዲስኩን ስም የያዙ የማንበብ ስሕተቶች ከዚያ በፊት ሲደጋገሙ ያዩ ነበር። የይለፍ ቃሉ ጥያቄ አለመምጣቱ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ፍንጭ ነው። በሉክስ የተመሰጠረን ዲስክ ከርነሉ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም፤ የሚከፍተው ግሩብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከከርነሉ ጋር ወደ ማስታወሻው የሚጭነው «ኢኒትራምኤፍኤስ» የተባለ ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ነው። የዲስክ ድራይቨሮቹና የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው ፕሮግራም የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለአዲሱ 6.8 ከርነል ይህ ፋይል አልተሠራም ብዬ እገምታለሁ፤ አለመሠራቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው «/ቡት» የተባለው ፓርቲሽን ሞልቶ ቦታ ሲያጣ ነው። በ18.04 ጊዜ ሲስተሙ ተመስጥሮ ሲጫን ለ«/ቡት» የሚመደበው ቦታ ከ1 ጊጋባይት በታች ነበር፤ ከርነሉና ኢኒትራምኤፍኤሱ ግን ከዓመት ዓመት እየወፈሩ መጥተዋል።

መልካሙ ዜና የቀድሞው 5.15 ከርነል ገና በቦታው መኖሩ ነው። ኮምፒውተሩን ሲያበሩ የአምራቹ አርማ እንደጠፋ «ኤስኬፕ»ን አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ አሮጌ ባዮስ ከሆነ «ሺፍት»ን ተጭነው ይያዙ። «ኤስኬፕ»ን ደጋግመው ከተጫኑ የግሩብ ትዕዛዝ መጻፊያ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ በዚያ ጊዜ «ኖርማል» ብለው ጽፈው ወዲያውኑ አንዴ «ኤስኬፕ» መጫን ይመልስዎታል። ዝርዝሩ ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ገብተው ከ5.15ቶቹ የመጨረሻውን ይምረጡ። ከገቡ በኋላ ምንም ሳይነኩ የነዚህን ትዕዛዞች ውጤት ይላኩልን፦

«ዩኔም -አር»
«ዲኤፍ -ኤች /ቡት»
«ኤልኤስ -ኤልኤች /ቡት»
«ዲፒኬጂ --ኦዲት»

አዋሽ_ማዶ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ5.15 ገባሁ፤ የይለፍ ቃሉንም ጠየቀኝ፤ ሰነዶቼም ሁሉም አሉ። ዛሬውኑ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጫቸዋለሁ።

የ«/ቡት» ስፋት 705 ሜጋባይት ሲሆን 100% ተይዟል። በውስጡ አራት የ5.15 ከርነሎች ከነኢኒትራምኤፍኤሶቻቸው አሉ፤ የእያንዳንዱ ኢኒትራምኤፍኤስ ከ140 ሜጋባይት ይበልጣል። የ6.8 ከርነል «ቪኤምሊኑዝ» ፋይል አለ፤ ለእርሱ የሚሆን «ኢኒትርድ» (የኢኒትራምኤፍኤሱ ፋይል) ግን እንዳሉት የለም። «ዲፒኬጂ --ኦዲት» ደግሞ የ6.8 ከርነል ፓኬጅና «ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ» በግማሽ ተዋቅረው እንደቀሩ ይናገራል።

ቦታ ለማግኘት «አፕት ኦቶሪሙቭ» ብዬ ሞክሬ ነበር፤ እርሱም ያልተጠናቀቀውን ለማዋቀር ይሞክርና «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ብሎ ይቆማል።

እንጦጦ፦

በዚህ ሁኔታ «አርኤም» በሚለው ትዕዛዝ ከአሮጌዎቹ የሁለቱን «ኢኒትርድ» ከ«/ቡት» ውስጥ መሰረዝ ፈጣኑ መንገድ አይደለም? ቦታው ወዲያውኑ ይለቀቃል፤ ቀሪውን ሥራ «አፕት» ይጨርሰዋል። በሰርቨሮች ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ።

ራስ_ዳሽን፦

ሌላ ምንም መንገድ ሲጠፋ ይደረጋል፤ እዚህ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ፋይሉን በእጅ ስንሰርዝ የፓኬጅ አስተዳዳሪው ምንም አያውቅም፤ ከርነሉ አሁንም እንደተጫነ ይቆጥረዋል፤ ከሞጁሎቹ ጋርም የዲስክ ቦታ እንደያዘ ይቀራል። ይባስ ብሎ «ቪኤምሊኑዝ»ው ስላለ ግሩብ ያንን ከርነል በዝርዝሩ ውስጥ ማሳየቱን ይቀጥላል። የሚመርጠው ሰው ከርነሉን ያለ ኢኒትራምኤፍኤስ ስለሚያስነሳው አዋሽ_ማዶ ካዩት ፓኒክ ጋር አንድ ዓይነት ፓኒክ ያገኛል። ይህ በተለይ አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ራስ ምታት ይሆናል።

«አፕት» በሚቆምበት ቦታ «ዲፒኬጂ»ን በቀጥታ መጠቀም ይቻላል፤ እርሱ የተባለውን ብቻ እንጂ ሌላውን ቀሪ ሥራ ለመጨረስ አይሞክርምና። አዋሽ_ማዶ፣ መጀመሪያ በ«ዩኔም -አር» ያዩትን፣ ማለትም አሁን የተነሱበትን ከርነል ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ እርሱ አይነካም። ከሌሎቹ ሦስት 5.15ቶች ውስጥ ሁለቱን አሮጌዎች ይምረጡና ለእያንዳንዱ እንዲህ ያድርጉ፦

«ሱዶ ዲፒኬጂ --ፐርጅ ሊኑክስ-ኢሜጅ-[ቁጥሩ] ሊኑክስ-ሞጁልስ-[ቁጥሩ] ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ-[ቁጥሩ]»

ሦስቱም በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ መጠራት አለባቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደገፍ ለየብቻ ቢጠሩ ዲፒኬጂ እምቢ ይላል። ሁለቱ ሲወገዱ ከ300 ሜጋባይት በላይ ይለቀቃል። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

«ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»
«ሱዶ አፕት -ኤፍ ኢንስቶል»
«ሱዶ አፕዴት-ግሩብ»

የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲሄድ ለ6.8 ኢኒትራምኤፍኤስ እየሠራ መሆኑን የሚናገር መስመር ማየት አለብዎት። ካላዩት «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬ» ብለው የ6.8ን ሙሉ ቁጥር በመጨመር ራስዎ ያሠሩት፤ ከዚያ በኋላ «አፕዴት-ግሩብ»ን ይድገሙት።

አደራ የምለው ግን ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት ስላለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ፋይሉ መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ ዲስኩ የተመሰጠረ ስለሆነ መክፈቻው በውስጡ መግባቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ኤልኤስኢኒትራምኤፍኤስ» የሚለው ትዕዛዝ የፋይሉን ይዘት ይዘረዝራል፤ ውጤቱን በ«ግሬፕ» አጣርተው «ክሪፕትሴትአፕ» የሚለውን ይፈልጉ። ካለ ሪስታርት ያድርጉ፤ ከሌለ ሪስታርት ሳያደርጉ እዚህ ይጻፉልን።

አዋሽ_ማዶ፦

ሁሉንም እንዳሉት አደረግሁ። ሁለቱ አሮጌ ከርነሎች ተወገዱ፤ ማዋቀሩም እስከ መጨረሻው ሄደ፤ «ክሪፕትሴትአፕ»ም በአዲሱ ፋይል ውስጥ አለ። ሪስታርት ሳደርግ የይለፍ ቃሉን ጠየቀኝ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ግን ወደ ዴስክቶፑ ከመግባት ይልቅ «ዩ አር ኢን ኢመርጀንሲ ሞድ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከበላዩ በቀይ የተጻፉት መስመሮች «ፌልድ ቱ ማውንት /ዳታ» እና «ዲፔንደንሲ ፌልድ ፎር ሎካል ፋይል ሲስተምስ» ይላሉ። «ጆርናልሲቲኤል -ኤክስቢ» ብዬ ሳነብ ደግሞ «ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ፣ ባድ ኦፕሽን፣ ባድ ሱፐርብሎክ ኦን /ዴቭ/ኤስዲቢ1» የሚል አገኘሁ። «/ዳታ» ሰነዶቼ ያሉበት ሁለተኛው ዲስክ ነው። ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ ያለበት ክፍል) ተበላሽቷል ማለት ነው? በኢንተርኔት ላይ «ኤፍኤስሲኬ» የተባለውን የጥገና ትዕዛዝ በአማራጭ ሱፐርብሎክ ማስኬድ እንደሚቻል አንብቤያለሁ። ላስኪደው?

እንጦጦ፦

አያስኪዱት! እባክዎ ማንኛውንም የጥገና ትዕዛዝ ከማስኬድዎ በፊት «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ብለው እያንዳንዱ ፓርቲሽን አሁን በየትኛው ስም እንደሚጠራና ምን ዓይነት ፋይል ሲስተም እንዳለበት ይዩ። በተጨማሪም ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፈቱት ፓርቲሽኖች በሚዘረዘሩበት በ«/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ «/ዳታ»ን የሚመለከተው መስመር እንዴት እንደተጻፈ ይንገሩን።

አዋሽ_ማዶ፦

በኤፍኤስታብ ውስጥ ያለው መስመር «/ዴቭ/ኤስዲቢ1 /ዳታ ኤክስት4 ዲፎልትስ 0 2» ይላል። በ«ኤልኤስቢኤልኬ» ግን ያልጠበቅሁትን አየሁ፦ ቀድሞ «ኤስዲኤ» የነበረው ኤስኤስዲ አሁን «ኤስዲቢ» ሆኗል፤ ሰነዶቼ ያሉበት ዲስክ ደግሞ «ኤስዲኤ» ሆኗል። «ኤስዲቢ1» አሁን 512 ሜጋባይት የሆነ የ«ቪፋት» ፓርቲሽን ነው።

እንጦጦ፦

እንግዲህ የሰነዶችዎ ዲስክ ምንም አልሆነም፤ መልእክቱ የሚናገረው ስለ ሌላ ፓርቲሽን ነው። «ኤስዲቢ1» አሁን ኮምፒውተሩ የሚነሳበት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ስም ነው። ኤፍኤስታብ «በኤስዲቢ1 ላይ ያለውን ኤክስት4 ክፈት» ሲል ከርነሉ እዚያ ያገኘው «ቪፋት» ነው፤ ስለዚህ ሱፐርብሎኩን አላገኘሁም አለ። የጥገና ትዕዛዙን በዚያ ስም አስኪደው ቢሆን ኖሮ እየነኩ የነበረው ሰነዶቹን ሳይሆን ጤነኛውን የማስነሻ ፓርቲሽን ነበር። በዚህ መልእክት ምክንያት ጤነኛ ዲስክ «ተበላሽቷል» ተብሎ ፎርማት ሲደረግ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ስሞቹ ለምን ተለዋወጡ ቢባል፣ «ኤስዲኤ» እና «ኤስዲቢ» የሚሉት ስሞች ከርነሉ ዲስኮቹን ባገኘበት ተራ የሚሰጡ ናቸው እንጂ የዲስኩ ቋሚ መታወቂያ አይደሉም። አዳዲስ ከርነሎች ዲስኮችን ተራ ሳይጠብቁ ጎን ለጎን ስለሚፈልጉ ቀድሞ የመለሰው ቀድሞ ስም ያገኛል። በ5.15 ለዓመታት በአንድ ተራ ሲገኙ መኖራቸው ልማድ እንጂ ዋስትና አልነበረም። የማይለወጠው ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር የተሰጠው ዩዩአይዲ የተባለ መለያ ነው።

ጥገናው ይህ ነው። በኢመርጀንሲ ሞድ ላይ «ኤንተር» ተጭነው ይግቡ። ሩቱ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ከሆነ «ማውንት -ኦ ሪማውንት፣አርደብልዩ /» ይበሉ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ነጠላ ሰረዝ በላቲን ቁልፍ የሚጻፈው ነው። ቀጥለው በ«ብልክአይዲ» የሰነዶቹን ፓርቲሽን ዩዩአይዲ ይመልከቱ፤ ከዚያ በ«ናኖ» ኤፍኤስታብን ከፍተው «/ዴቭ/ኤስዲቢ1» የሚለውን በ«ዩዩአይዲ=» እና በቁጥሩ ይተኩ። በዚያው መስመር «ዲፎልትስ» ከሚለው ቀጥሎ ያለ ክፍት ቦታ፣ በዚያው የላቲን ነጠላ ሰረዝ አያይዘው «ኖፌል» የሚለውንም ይጨምሩ። ይህ ዲስክ ሲስተሙ ለመነሳት የማያስፈልገው የሰነድ ዲስክ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ገመዱ ቢላቀቅ እንኳ ኮምፒውተሩ መነሳቱን እንዲቀጥል ያደርገዋል። ለሩት ግን «ኖፌል» ፈጽሞ አይጨመርም።

አስቀምጠው ከወጡ በኋላ «ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ» ብለው የጻፉትን ያስመርምሩ፤ የተሳሳተ ቃል ወይም የሌለ ዩዩአይዲ ካለ ይነግርዎታል። ያለ ስሕተት ካለፈ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ» ከዚያም «ማውንት -ኤ» ይበሉ። «/ዳታ» ከተከፈተ ሪስታርት ያድርጉ።

አዋሽ_ማዶ፦

ተነሳ! በ6.8 ከርነል ወደ ዴስክቶፑ ገባሁ፤ «/ዳታ»ም ተከፍቷል፤ ሰነዶቼን አንድ በአንድ ከቅጂው ጋር አስተያይቻለሁ፤ የጎደለ የለም። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

የቀረችኝ ትንሽ ጥያቄ አለች። የይለፍ ቃሉን ካስገባሁ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆም ይልና «ጌቭ አፕ ዌይቲንግ ፎር ሰስፔንድ/ሪዙም ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ ያሳየኛል። ከዚያ በኋላ በደንብ ይቀጥላል።

ራስ_ዳሽን፦

እንኳን ደስ አለዎት። ይህ አደጋ የለውም። ኢኒትራምኤፍኤሱ ኮምፒውተሩ ሃይበርኔት አድርጎ ከሆነ ያስቀመጠውን ለማምጣት አንድ የስዋፕ ፓርቲሽን ይጠብቃል፤ ያ ፓርቲሽን ግን አሁን የለም። «/ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ኮንፍ.ዲ/ሪዙም» የሚለውን ፋይል ይክፈቱና የአሮጌውን ስዋፕ ዩዩአይዲ ካገኙ መስመሩን «ሪዙም=ነን» ብለው ይተኩት፤ ከዚያ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ» ይበሉ። ሃይበርኔት የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በምትኩ የአሁኑን ስዋፕ ዩዩአይዲ ይጻፉ።

ሰሜን_ኮከብ፦

ይቅርታ፣ የእኔ ሁኔታ ከዚህ ጋር ስለሚመሳሰል እዚሁ ልጠይቅ። ተመሳሳይ ፓኒክ ነው የሚመጣብኝ፤ ዲስኬም የተመሰጠረ ነው። ነገር ግን በግሩብ ዝርዝር ውስጥ ያለው 6.8 ብቻ ነው፤ የቀድሞው ከርነል ተወግዷል። ላይቭ ፍላሽ አለኝ። ዲስኩን ከፍቼ «ችሩት» አድርጌ (ከላይቭ ፍላሹ ሆኜ ወደ ተጫነው ሲስተም ገብቼ) ኢኒትራምኤፍኤሱን አሠራሁት፤ ፓኒኩ ጠፋ፤ የይለፍ ቃሉን ግን አይጠይቀኝም፤ ቆይቶ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ትዕዛዝ መጻፊያ ውስጥ ይጥለኛል።

እንጦጦ፦

ሊደርሱ አንድ እርምጃ ቀርቶዎታል። በላይቭ ፍላሽ ላይ የተመሰጠረውን ዲስክ ፋይል አስተዳዳሪው ላይ ጠቅ አድርገው ከከፈቱት፣ የሚከፈተው «ሉክስ-» ብሎ በሚጀምር ረጅም ስም ነው። በእርስዎ ሲስተም የተመሰጠሩ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት «/ኢቲሲ/ክሪፕትታብ» ፋይል ውስጥ የተጻፈው ስም ግን ሌላ ነው፤ ለምሳሌ «ኤስዲኤ3_ክሪፕት» ሊሆን ይችላል። ኢኒትራምኤፍኤሱን የሚሠራው ፕሮግራም ሩቱ የተከፈተበትን ስም በክሪፕትታብ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካላገኘው ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን ሳያካትት ያልፈዋል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ በብዙ መስመሮች መካከል ስለሚያልፍ ማንም አያየውም።

ስለዚህ እንደገና ከላይቭ ፍላሹ ይነሱና በተርሚናል እንዲህ ያድርጉ። «ሱዶ ክሪፕትሴትአፕ ኦፕን» ብለው የፓርቲሽኑን ስም፣ ቀጥሎም በክሪፕትታብ ውስጥ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ይጻፉ። ክሪፕትታብ ውስጥ ምን እንዳለ አሁን ካላወቁ፣ አንዴ በማንኛውም ስም ከፍተው ያንብቡት፤ ከዚያ ዘግተው በትክክለኛው ስም ይክፈቱት። ቀጥለው «ሱዶ ቪጂቼንጅ -ኤዋይ» ይበሉ፤ የኤልቪኤም ክፍሎቹ ይነቃሉ። ሩቱን «/ኤምኤንቲ» ላይ፣ የ«/ቡት» ፓርቲሽኑን «/ኤምኤንቲ/ቡት» ላይ፣ የኢኤፍአዩን ደግሞ «/ኤምኤንቲ/ቡት/ኢኤፍአይ» ላይ ይክፈቱ። የ«/ቡት»ን መክፈት የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፤ ከተዘነጋ አዲሱ ፋይል በሩቱ ውስጥ ባለው ባዶ ማኅደር ላይ ይጻፍና ግሩብ አያየውም። ከዚያ «/ዴቭ»፣ «/ፕሮክ»፣ «/ሲስ» እና «/ረን»ን በ«ማውንት --ባይንድ» አያይዘው «ሱዶ ችሩት /ኤምኤንቲ» ይበሉ።

ከገቡ በኋላ ያለው ሥራ ራስ_ዳሽን ለአዋሽ_ማዶ የጻፉት ነው፦ በመጀመሪያ ቦታ መኖሩን ማየት፣ ያልተዋቀረውን ማዋቀር፣ ለሁሉም ከርነል «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል» ማለት፣ «አፕዴት-ግሩብ»፣ በመጨረሻም በ«ኤልኤስኢኒትራምኤፍኤስ» ማረጋገጥ። በፋይሉ ውስጥ «ክሪፕትሩት» የሚል ማኅደርና በውስጡ የክሪፕትታብ ቅጂ መኖሩንም ይዩ።

ሰሜን_ኮከብ፦

ስሙ ነበር! በክሪፕትታብ ያለውን ስም ተጠቅሜ ስከፍተው ተስተካከለ። አሁን የይለፍ ቃሉን ይጠይቀኛል። የኤንቪዲያ ካርድ ስላለኝ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል እንጂ ሲስተሙ መነሳቱን ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ገብቼ አይቻለሁ።

ራስ_ዳሽን፦

ይህ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ካለ አዲስ ክር ቢከፍቱ ይሻላል፤ በአጭሩ ግን «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብለው ድራይቨሩ ለ6.8 መገንባቱን ይዩ። ተገንብቶም ካልተጫነ ሴኪዩር ቡት እየከለከለው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞጁሉ የተፈረመበት ቁልፍ ሪስታርት ሲደረግ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ መመዝገብ አለበት፤ ብዙ ሰው ያንን ስክሪን ሳያነብ ያልፈዋል። እስከዚያው ስክሪን ለማግኘት በግሩብ ላይ «ኢ»ን ተጭነው «ሊኑክስ» በሚለው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» ይጨምሩ።

ጣና_ዳር፦

ይህን ክር እየተከታተልሁ ነበር፤ እንደ አዲስ ይጫን ያልሁትን አንስቻለሁ። እኔ ባለሁበት ባሕር ዳር ከቦታ ማነስ ባልተናነሰ የሚያሳስበን የመብራት መቋረጥ ነው። በማሻሻያው መካከል መብራት ቢሄድስ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል?

ራስ_ዳሽን፦

መቼ እንደሄደ ይወስነዋል። ማሻሻያው መጀመሪያ ሁሉንም ፓኬጆች ያወርዳል፤ በዚያ ጊዜ ቢቋረጥ፣ ኢንተርኔቱም ቢጠፋ፣ ሲስተሙ አልተነካምና እንደገና መጀመር ብቻ ነው። አደገኛው ሰዓት ፓኬጆቹ መፈታትና መዋቀር ሲጀምሩ ያለው ነው። ስለዚህ ዴስክቶፕ የያዘ ሰው ዩፒኤስ ከሌለው መብራት በሚረጋጋበት ሰዓት ቢያደርገው፣ ላፕቶፕ የያዘም ባትሪውን ሞልቶ ቻርጀሩን ሳይነቅል ቢጀምር እመክራለሁ። ከተቋረጠም መንገዱ ያው ነው፦ በቀድሞው ከርነል መግባትና «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ማለት። ምን ላይ እንደቆመ ለማወቅ «/ቫር/ሎግ/ዲስት-አፕግሬድ» ውስጥ ያሉትን የሎግ ፋይሎች ይክፈቱ፤ በተለይ «አፕት-ተርም.ሎግ» የሚለው ሁሉን ይዟል። ሲያነቡት ከታች ወደ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያውን ስሕተት ይፈልጉ፤ አዋሽ_ማዶ ላይ የደረሰው ሁሉ የጀመረው «ኖ ስፔስ ሌፍት» ከሚለው አንድ መስመር ነው።

እንጦጦ፦

የ«/ቡት» ጥበት ላለባቸው ልጨምር። በ«/ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ኢኒትራምኤፍኤስ.ኮንፍ» ውስጥ «ሞጁልስ=ሞስት» የሚለውን «ሞጁልስ=ዴፕ» ማድረግ ፋይሉን በጣም ያሳንሰዋል፤ የዚያን ኮምፒውተር ድራይቨሮች ብቻ ስለሚይዝ። እኔ ግን ለአዋሽ_ማዶ አልመርጠውም፤ ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት ላይነሳ ይችላል። «ኮምፕረስ=ኤክስዜድ» ማድረግ ይሻላል፤ ሲሠራ ዘግየት ይላል፤ ሲነሳም ትንሽ ያዘገያል፤ ነገር ግን የሚጎድል ድራይቨር የለም። ደግሞም አንድ ኢኒትራምኤፍኤስ ሲታደስ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው የሚተካው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቢያንስ የአንድ ፋይል ያህል ባዶ ቦታ መኖር አለበት።

አዋሽ_ማዶ፦

ሪዙሙን አስተካክያለሁ፤ መቆሙ ጠፍቷል። ኤክስዜዱንም አድርጌ «/ቡት» ላይ ከግማሽ በላይ ባዶ ቦታ አለኝ። «ሲስተምሲቲኤል --ፌልድ» ምንም አያሳይም። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ የቀሩትን ሁለት 5.15 ከርነሎች አሁን ላስወግዳቸው?

ራስ_ዳሽን፦

አሮጌውን ያስወግዱ፤ ያዳነዎትን ግን ቀጣዩ የ6.8 ማሻሻያ መጥቶ በሰላም እስኪነሳ ድረስ ያቆዩት። ከዚያ በኋላ ሁለት የሚሠሩ 6.8ቶች ስለሚኖሩዎት «አፕት ኦቶሪሙቭ --ፐርጅ» ራሱ ይወስደዋል።